በክረምት የተከልነውን በበጋ ማን ያጠጣው?

በመጋቢትና በሚያዝያ ወር፥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፥ ለቡ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሕዝብ እጅግ ቀጥ ያለ ሰልፍ ይሠራል። እንግዳ ሰው ቢመለከተው የሰፈሩ ነዋሪ ሥነ ሥርዓት ዐዋቂ መሆኑን አድንቆ ያልፋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሰዉ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተጠጋግቶ የቆመው በመብራት ምሰሶው ጥላ ላይ ነው። ጥላው ስፋቱ አንድ ክንድ ስለማይሞላ ከዚያ ውስጥ ለመግባት የግድ መሰለፍ ያስፈልጋል። ፀሐይ ዘንበል ባለች ቁጥር ጥላው ይዞራል፤ ሰልፉም አብሮ ይዞራል። አንዳንድ ጊዜ የጭነት መኪና መጥቶ ከዳር ይቆማል፤ ያን ጊዜ ሰልፉ ፈርሶ ሁሉም ወደ መኪናው ጥላ ይሮጣል። ሾፌሩ ሞተሩን ያስነሣ እንደ ሆነ ደግሞ እየተሣሣቀ ወደ ምሰሶው ይመለሳል።

እኛም ከተሰላፊዎቹ መካከል ነን። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ሁለት ዓመት ያልሞላን፥ ሥራ የያዝንና ቤት የተከራየንበት ሰፈር ለቡ የሆነ ወጣቶች ስለ ሆንን፥ ያንን ምሰሶ እንደ ቅርብ ወዳጅ እናውቀዋለን። ስለዚህ ዛሬ ስለ ከተማ ዛፍና ስለ ከተማ ሙቀት ስንጽፍ የምንናገረው ከመጽሐፍ ያገኘነውን ብቻ አይደለም።

አዲስ አበባ ሙቀት አለ ብሎ ማማረር ለብዙ ሰው ቅንጦት ይመስለዋል። ከጋምቤላ ወይም ከአሳይታ የመጣ ሰው ቢሰማን እንደሚሥቅብን እናውቃለን። የከተማችን አብዛኛው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ሲመሰገን ኖሯል። የአገራችን የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን ለዓለም ያስተዋወቋት በ«አሥራ ሦስት ወር ጸጋ» ነበር። እውነት ነው፥ ፀሐይ ጸጋ ናት፤ በተለይ ካሜራውን አንጠልጥሎ ለሁለት ሳምንት ለመጣ እንግዳ። ይሁን እንጂ የተመሰገነው አየር የተመሰገነው ከተማው ዛፍና ሜዳ በነበረበት ጊዜ መሆኑን መርሳት አይገባም። ለቡ ራሷ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እርሻና ግጦሽ ነበረች። ዛሬ ሜዳው ሕንጻና አስፋልት፥ ኮብልስቶንና ቆርቆሮ ሆኗል። አየሩ ግን እንደ ዱሮው እንዲሆንልን እንጠብቃለን።

የነገሩን ምክንያት በአጭሩ እንግለጠው። አንድ ሊትር ውኃ ተንኖ ያልቅ ዘንድ የሚወስደው ሙቀት፥ ሰባት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ዛፍ ከሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ ሲያተን ያን ሁሉ ሙቀት ከዙሪያው አየር ይወስዳል። ድንጋይና አስፋልት ግን የሚያተኑት ውኃ የላቸውም፤ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ይተፉታል። ሉክ ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ፥ ለንደን በሌሊት ከዙሪያዋ ገጠር ይልቅ እንደምትሞቅ በቴርሞሜትር ለክቶ የጻፈው ከ200 ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ የከተማ ሙቀት አዲስ ግኝት አይደለም፤ አዲሱ ነገር እኛ ዘንድ መምጣቱ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለ ሆነ፥ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ ፀሐይ በእኩለ ቀን በትክክል ከአናታችን ላይ ትውላለች። እንዲሁ ያለው ቀን ሁለተኛ ጊዜ በነሐሴ መጨረሻ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ግን ደመናው ይጋርደናል። በሚያዝያ ደመናም አያስተማምንም። እንግዲህ ፀሐይ ከአናት ላይ ስትሆን የግድግዳ ጥላ ተሰብስቦ ከግድግዳው እግር ሥር ይገባል። ሕንጻው አሥር ፎቅ ቢሆን እንኳ ለእግረኛው የሚሰጠው ጥላ አንዲት ድመት አያስተኛም። በዚያ ሰዓት የሚያጠላው ከላይ የተዘረጋ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ወይ ጣራ፥ ወይ ጃንጥላ፥ ወይ የዛፍ ቅርንጫፍ ነው።

«ታዲያ ዛፍ እየተተከለ አይደለምን?» የሚለን አንባቢ ይኖራል። እየተተከለ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገሪቱ በሙሉ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተገልጧል፤ ከዚያም ወዲህ በየክረምቱ መትከል ልማድ ሆኗል። መልካም ልማድ ነው። እኛም ባለፈው ሐምሌ ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር ቦት ጫማ አድርገን፥ አንድ ዓይነት ቆብ ደፍተን፥ ከመንገዱ ዳር 20 ችግኝ ተክለናል። ፎቶግራፍም ተነሥተናል። ፎቶግራፉ በጣም ያማረ ስለ ነበረ ችግኙን ከዚያ በኋላ ሄደን ማየት የሚያስፈልግ አልመሰለንም።

በመጋቢት በዚያ ስናልፍ 16ቱ ደርቀው እንጨት ሆነው አገኘናቸው። የቆሙት አራት ብቻ ናቸው። አራቱም የተገኙት በአንድ ቦታ፥ በጃንጥላ ሥር የጀበና ቡና ከሚሸጡ አንዲት እናት አጠገብ ነው።

«እማማ፥ እነዚህ ችግኞች ምን ሆነው ደረቁ?» ብለን ጠየቅናቸው።

እሳቸውም ከሰሉን እያራገቡ ቀና ብለው ሳያዩን፥ «ልጆቼ፥ እናንተ የመጣችሁት በሐምሌ ነው። በሐምሌማ ዝናቡ ራሱ ይተክላል። ሰው የተፈለገው ከጥር ወዲህ ነበር፤ ያን ጊዜ አንዳችሁንም አላየሁ» አሉን።

«እነዚህ አራቱስ እንደ ምን ዳኑ?»

«ስኒ ያለቀለቅሁበትን ውኃ ወዴት ልድፋው?»

አፍረን ቡናችንን ጠጣን። ሁለተኛም አዘዝን፤ ውኃው እንዲበረክት ማለታችን ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ሒሳቡን ሠራን። ለአንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ቢበቃው፥ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባሉት አምስት ወራት 21 ጀሪካን፥ ማለት 420 ሊትር ይጠጣል። ሃያው ችግኝ በሙሉ 8,400 ሊትር ሆነ። እንግዲህ በጋውን ሙሉ ሃያ ዛፍ ለማዳን የሚያስፈልገው 10,000 ሊትር ከሚይዝ ከአንድ ቦቴ ያነሰ ውኃ ነበር። ሥሩ ጠልቆ ራሱን እስኪችል ሁለት ሦስት በጋ ይህንኑ መድገም ያስፈልግ ይሆናል። ቢሆንስ? ለቆቡና ለመጓጓዣው የወጣውን ገንዘብ ስናስታውስ ዝም ማለት መረጥን። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለዛፍ ውኃ መጠየቅ ድፍረት ነው የሚል ቢኖር፥ የልብስ እጥቢ ውኃ በየቀኑ ወደ ቦይ እንደሚደፋ፥ የክረምቱም ዝናብ ከየጣራው እየወረደ በከንቱ ጎርፍ እንደሚሆን እናሳስበዋለን። በየጣራው ላይ ከቆሙት ሮቶዎች ጥቂቶቹ ለዚህ ቢውሉ ምን ይጎዳል?

የከተማችን ታሪክ ራሱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዙሪያዋ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመንጥሮ ስላለቀ፥ ዐፄ ምኒልክ ዋናውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ግንብ እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከመዛወር ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ባሕር ዛፍን መንቀፍ የተማረ ሰው ምልክት ሆኗል፤ ውኃ ይመጥጣል፥ ከሥሩ ሣር አያበቅልም ይባላል፤ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ አንድ ትልቅ ነገር ያስተምረናል። ሰው ሁሉ ተሽቀዳድሞ የተከለውና የጠበቀው ባለቤት ስለ ነበረው ነው። ማገዶው የተካዩ፥ ምሰሶው የተካዩ፥ ሲሸጥም ገንዘቡ የተካዩ ነበር። የመንገድ ዳር ጥላ ግን የማንም አይደለም። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይቀመጥበታል እንጂ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ የሚያጠጣው የለም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። የጎደለን ችግኝ አይደለም፤ የጎደለን ለጥላ ባለቤት የሚሰጥ አሠራር ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር ማዶ ከመሄዳችን በፊት ከዚሁ ከለቡ ባቡር እንሳፈር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የምድር ባቡር መንገደኛ የሚጭንበት ጣቢያ የሚገኘው ከሰፈራችን አጠገብ ነውና። ድሬዳዋ የወረደ ሰው ወደ ከተማው ገብቶ ከዚራን ይመልከት። ያ ሰፈር የተነደፈው የቀድሞው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ነዳፊዎቹ ድሬዳዋ ሙቀት እንዳለ ስላወቁ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችን ሠርተው ግራና ቀኙን ዛፍ አለበሱት። ስለዚህ ዛሬ የከዚራ ሰው በእኩለ ቀን ከቤቱ ወጥቶ በጥላ ሥር ይራመዳል፤ የለቡ ሰው ግን ከድሬዳዋ ከ1,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቀዝቃዛ አገር ተቀምጦ የምሰሶ ጥላ ይሻማል። ሙቀት የለብንም ብለን መዘናጋታችን ጎዳን።

እንደኛው የተዘናጋች ሌላ ከተማም አለች። በኮሎምቢያ የምትገኘው ሜደሊን፥ አየሯ ከማማሩ የተነሣ «የዘወትር ጸደይ ከተማ» የምትባል ናት። ቤቱ እየበዛ ሲሄድ ግን ሙቀቱ አስቸገራት። ስለዚህ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገዶችና በወንዞች ዳር 30 ያህል የዛፍ መተላለፊያዎች ዘርግታ፥ በእነዚያ ቦታዎች ሙቀቱ በ2 ዲግሪ ያህል መቀነሱን ማዘጋጃ ቤቷ ገልጧል። እኛን የማረከን ግን ቁጥሩ አይደለም። ከተማዋ ከችግረኛ ቤተሰብ የወጡ ሰዎችን አትክልተኝነት አስተምራ፥ ደመወዝ እየከፈለች፥ ዛፎቹን እንዲጠብቁ አድርጋለች። የጥላው ባለቤት ተገኘለት ማለት ነው።

ወደ ራሳችን ፕላን እንመለስ። በ2009 ዓ.ም. ለአሥር ዓመት ተብሎ የወጣው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከከተማው መሬት 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፥ 30 በመቶውን ለመንገድ፥ 40 በመቶውን ለሕንጻ መድቧል። በወረቀት ላይ ይህን ያህል የለገሰ ፕላን ብዙ አይገኝም። ነገር ግን አማካይ ቁጥር አታላይ ነው። እንጦጦ ደን አለ፤ የጉለሌው የዕፀዋት ማእከል ብቻውን ከ700 ሄክታር በላይ ነው፤ አንድነት ፓርክ በ2012፥ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍተዋል። ሁሉም የሚያኮሩ ናቸው፤ እኛም በእረፍት ቀን ሄደን ተዝናንተንባቸዋል። ይሁን እንጂ የአንድ መናፈሻ ቅዝቃዜ የሚሰማው በዙሪያው ጥቂት መቶ ሜትር ያህል ነው። የእንጦጦ ጽድ በታክሲ ተሳፍሮ ለቡ አይመጣም። እኛ ወደ እርሱ ለመሄድ ደግሞ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥና ሁለት ሦስት ታክሲ መለዋወጥ አለብን። ፕላን አውጪ አንድ ትልቅ መናፈሻ ለመሥራትና መቶ ትናንሽ ጥላዎችን በየሰፈሩ ለመበተን ምርጫ ቢቀርብለት፥ ትልቁ ለምርቃት ይመቻል፤ ትንንሾቹ ግን ለሚኖርባቸው ሰው ይመቻሉ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠሩት ጎዳናዎች የእግረኛ መንገዳቸው ሰፊ ሆኗል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባል። አንድ ነገር ብቻ እንናገር። ዘንባባ ያማረ ተክል ነው፤ ጥላው ግን ከቁመቱ ጋር አይመጣጠንም። ጃካራንዳም አበባው ልብ ይማርካል፤ ሆኖም ቅጠሉን የሚያራግፈው በበጋ፥ ልክ ጥላ በሚያስፈልገን ጊዜ ነው። ወይራና ዝግባ ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸውን አይጥሉም፤ የሐበሻ ግራር ደግሞ ቅርንጫፉን እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። አዝጋሚ ናቸው ይባላል። እኛ በኻያዎቹ ዕድሜ ያለን ሰዎች ወይራ እስኪያድግ ለመጠበቅ የማይበቃ ዕድሜ አለን ብለን አናምንም። ቦታውም ቢሆን ይታሰብበት። ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄድ መንገድ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚያጠላው ከእግረኛው በስተ ምዕራብ የቆመ ዛፍ ነው። በሌላው ጎን የተተከለው፥ ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት የሚያጠላው ለመኪናው መንገድ ይሆናል።

ወንዞቻችንም አሉ። ሌሊት ከእንጦጦ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ሸለቆ ተከትሎ ይፈስሳል። የጀርመኗ ሽቱትጋርት ይህን ከተገነዘበች ቆይታለች፤ ነፋስ የሚያልፍባቸውን ሸለቆዎች ሕንጻ እንዳይዘጋባቸው በፕላኗ ትከላከላለች። ወንዝ ዳር ግድግዳ የሚያቆም ሰው ከበስተ ታች ያለውን ሰፈር ነፋስ እንደሚዘጋ የግንባታ ፈቃድ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ማን ያነሣዋል?

አሁን ወደ ጉዳዩ ዋና ነጥብ እንምጣ። እኛ የምንኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንጻ በአራት ብሎኮች መካከል አንድ ሜዳ አለው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት እንዲህ ያለው የጋራ መጠቀሚያ የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ንብረት ነው። ይኸውም እንደ መንገድ ዳሩ ያለ ባለቤት የሌለው ቦታ አይደለም፤ ባለቤቱ ታውቋል፤ ማኅበርም አለው። በየካቲት በተደረገው ስብሰባ ሜዳው በሙሉ ኮብልስቶን ተነጥፎ የመኪና ማቆሚያ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኛ ተከራዮች ስለ ሆንን ድምፅ የለንም፤ ቆሞ ማዳመጥ ግን ይፈቀድልናል።

ዛፍ ይተከልበት የሚሉም ነበሩ፤ የቀረበባቸው ተቃውሞ ብዙ ነው። ሥሩ ቧንቧ ይሰብራል፤ ቅጠሉ ቦይ ይደፍናል፤ ሌሊት ሌባ ይደብቃል ተባለ። ከሁሉ የከበደው ግን አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው የተናገሩት ነው። «ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑን የት ልንጥል ነው?» አሉ። ሸንጎው ዝም አለ፤ ነገሩ ቀልድ አይደለምና። ከወደ ኋላ አንዲት እናት፥ «ጋሼ፥ ባገራችን እኮ ለቅሶም ሸንጎም ዋርካ ሥር ነበር። ዛፍ ቢኖረን ድንኳን የምንከራይበት ገንዘብ ለእድሩ በተረፈ» ብለው መለሱላቸው። ግማሹ አጨበጨበ፤ ግማሹ መኪናውን ዞሮ አየ።

መኪና ላለው ሰው እንፈርዳለን፤ የሚያቆምበት ያስፈልገዋል። ነገር ግን አንዲት መኪና ከመተላለፊያዋ ጋር የምትይዘው 25 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ የጎለመሰ ግራር ከዚያ የሚበልጥ መሬት ያጠላል፤ መኪናውም ከሥሩ ሊቆም ይችላል። ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት ለየአምስቱ መኪና አንድ የዛፍ ጉድጓድ ቢተው፥ ማንም ሳይከስር ሁለቱም ይሆናል። ድንጋዩ ከተነጠፈ በኋላ ግን ጉድጓድ የሚቆፍር ማኅበር አላየንም።

በየወረዳው፥ በየፕላን ቢሮውና በየበጀት ክፍሉ የተቀመጣችሁ እኩዮቻችን ሆይ፥ ይህ ሜዳ የእኛ ብቻ አይደለም። በጀሞም በላፍቶም እንዲህ ያለ ሜዳ አለ፤ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውንም ፕላን የምትነድፉት እናንተ ናችሁ። የችግኝ መግዣ ስትጽፉ ከሥሩ የማጠጫ ረድፍ ጨምሩ፤ ሦስት በጋ የሚያዘልቅ ይሁን። የተተከለውን ቁጥር በሐምሌ ከምትዘግቡ ይልቅ የበቀለውን በሚያዝያ ቁጠሩ፤ ሪፖርቱ ያጥር ይሆናል፤ አትፍሩት። ጀበና ቡና የሚሸጡትን እናት የመሰለ ሰው በየመንገዱ ዳር አለ። በጥቂት ገንዘብ አሥር አሥር ዛፍ ቢረከቡ፥ ያለ ደመወዝ የሠሩትን በደመወዝ አብልጠው እንደሚሠሩት አንጠራጠርም።

የሜዳው ጉዳይ በየካቲት ስላልተቋጨ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። ስብሰባው የሚደረገው በሚያዝያ የመጀመሪያ እሑድ፥ ከቀኑ በስድስት ሰዓት፥ በዚያው ሜዳ ላይ ነው። ወንበር የሚኖር አይመስለንም፤ ሁላችንም ፀሐይ ላይ ቆመን እንወያያለን።